መጠይቁ ተሞልቶ አለቀ፤ ቀጥሎስ?

ብዙ የማስተርስ ተማሪዎች ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጋር የሚተዋወቁት የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ነው። ሥራው ግን ኮምፒውተሩ ሳይከፈት፣ መጠይቁ ሲዘጋጅ የሚጀምር ነው።

ግንቦት ሲገባ በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። መስታወታቸው ላይ ከማባዛትና ከመጠረዝ ጎን «ዳታ እናስገባለን»፣ «በኤስፒኤስኤስና በስታታ እንተነትናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይነበባል። አንዱ ተማሪ በፌስታል፣ ሌላው በካርቶን የተሞላ መጠይቅ ተሸክሞ ይመጣል። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ቅጂ፤ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ጠርዙ በመስክ አቧራ የጠቆረ።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ጸሐፊ ገጽ እየገለጠች ቁጥር ትመታለች፤ 1፣ 2፣ 1፣ 4፣ 99። እጇ ፈጣን ነው። የጥናቱን ርዕስ እንድታውቅ አይጠበቅባትም፤ ሥራዋ የተከበበውን ቁጥር ማስገባት ነው። ተማሪው አጠገቧ ቆሞ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃል። ከቀናት በኋላ ፋይሉን በፍላሽ ይወስዳል፤ ጨምሮ ከከፈለም የተተነተነ ሠንጠረዥ አብሮ ይሰጠዋል።

የኤስፒኤስኤስን ስም ያልሰማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። «መረጃው በኤስፒኤስኤስ ይተነተናል» የምትለው ዓረፍተ ነገር በፕሮፖዛሎች ውስጥ ከተማሪ ወደ ተማሪ ትሸጋገራለች። ሶፍትዌሩ ከምን እንደሚጀመርና የት ላይ እንደሚያሳስት አጥርቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎች ችግራቸው የትኛውን አዝራር እንደሚጫኑ አለማወቃቸው ይመስላቸዋል። አዝራሩ ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይለምደዋል። የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው።

## ከተበሳ ካርድ እስከ ላፕቶፕ

ኤስፒኤስኤስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሠሩት ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ኖርማን ናይ፣ ዴል ቤንትና ሃድላይ ሃል። ናይ የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ነበር። ብዙ ሕዝብ የተጠየቀበት የአስተያየት ጥናት ይዞ፣ ለመሐንዲሶች በተሠሩ ፕሮግራሞች መተንተን ተቸግሮ ነበር። በዚያ ዘመን መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው 80 ዓምድ ባላቸው ካርዶች ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ነው። የእያንዳንዱ መላሽ መልስ በራሱ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ካርዱ ከጠፋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አሠራሩ ግን ዛሬም አልተለወጠም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ረድፍ።

የመጀመሪያው የአጠቃቀም መጽሐፍ በ1970 ታተመ፤ ፕሮግራሙም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። በ1975 ቺካጎ ላይ ኩባንያ ሆነ፤ በ2009 አይቢኤም በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ተፎካካሪዎቹም ብዙ ናቸው። ስታታ በ1985 ወጣ፤ በኢኮኖሚክስና በሕብረተሰብ ጤና ሰዎች ዘንድ ይወደዳል። አር የሚባለውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት፤ ማንም በነፃ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ነው። ጤና ላይ ለሚሠሩ ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ኤፒ ኢንፎን ያለክፍያ ሲያድል ቆይቷል፤ ከዴንማርክ የመጣው ኤፒዳታም ለዳታ ማስገቢያ በጣም ጠቃሚ ነው። ኤፒዳታ ውስጥ ዕድሜ ከ15 እስከ 49 ብቻ እንዲገባ ከታዘዘ፣ ጸሐፊዋ በስሕተት 255 ብትመታ ፕሮግራሙ አይቀበላትም። በዚህ ምክንያት ብዙ የጤና ተመራማሪዎች በኤፒዳታ አስገብተው በኤስፒኤስኤስ ወይም በስታታ ይተነትናሉ።

## ባዶው ሠንጠረዥ

ኤስፒኤስኤስ ሲከፈት የሚታየው እንደ ኤክሴል ያለ ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ከታች በግራ በኩል ሁለት ትሮች አሉ፤ ዳታ ቪውና ቫሪያብል ቪው። ጀማሪው በመጀመሪያው ላይ ቁጥር መጻፍ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከሁለተኛው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ስም፣ ዓይነት፣ መግለጫና የመልሶቹ ትርጉም የሚሰጠው እዚያ ነው። ጾታ ሲባል 1 ወንድ፣ 2 ሴት። የትምህርት ደረጃ ሲባል 0 ያልተማረ፣ 1 አንደኛ ደረጃ፣ እያለ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ኮድ ቡክ ይባላል። ኮድ ቡክ የሌለው ዳታ ከስድስት ወር በኋላ ለባለቤቱም ባዳ ነው፤ «ጥያቄ 14 ላይ 3 ምን ነበር?» ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

አንድ ጥያቄ በቅርብ እንይ። «ስለ ቤተሰብ ዕቅድ መረጃ ያገኙት ከየት ነው? ከአንድ በላይ መመለስ ይቻላል» ይላል መጠይቁ። ምርጫዎቹ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ጓደኛ ናቸው። አንዲት እናት ሬዲዮን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛንና ጓደኛን መረጠች። ጀማሪው በአንዲት ሴል ውስጥ «1፣ 3፣ 4» ብሎ ይጽፋል። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ሦስት መልስ አያነበውም፤ እንደ አንድ የፊደል ጥርቅም ይወስደዋል እንጂ። ትክክለኛው መንገድ ለአራቱ ምርጫዎች አራት ዓምድ ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ አዎ ከሆነ 1፣ አይ ከሆነ 0 ማስገባት ነው። አራት መቶ መጠይቅ ከገባ በኋላ ይህን ማስተካከል የስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቀጥሎ የምትመጣው 99 ናት። መላሹ ዕድሜውን አላውቅም ካለ ወይም ጥያቄው ከታለፈ በልማድ 99 ይጻፋል። ይህ ቁጥር «መልስ የለም» ማለት መሆኑን ለሶፍትዌሩ መንገር ያስፈልጋል፤ ቫሪያብል ቪው ላይ «ሚሲንግ» የሚል ዓምድ ያለው ለዚሁ ነው። ካልተነገረው የ99 ዓመት አዛውንት አድርጎ ይቆጥረዋል። አምስት መላሾች አሉ እንበል፤ 22፣ 25፣ 28፣ 30 እና አንድ 99። እንዳለ ሲሰላ አማካይ ዕድሜው 40.8 ይሆናል። 99ኙ ሲወጣ 26.25 ነው። ሠንጠረዡ ሁለቱንም ያው በተስተካከለ መስመርና በንጹሕ ፊደል ያትማል። ስሕተት ነው የሚል ቀይ ምልክት የለም።

> ሠንጠረዡ ስሕተቱንም ትክክሉንም ያው በተስተካከለ መስመርና በንጹሕ ፊደል ያትማል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ። የጋብቻ ሁኔታ 1 ያላገባ፣ 2 ያገባ፣ 3 የፈታ፣ 4 የሞተበት ተብሎ ከገባ፣ ሶፍትዌሩ ሲታዘዝ አማካዩን አስልቶ 2.3 ይላል። 2.3 የሚባል የጋብቻ ሁኔታ የለም። ቁጥሩ ስም ነው፣ ደረጃ ነው፣ ወይስ እውነተኛ ልኬት ነው የሚለውን መለየት የተመራማሪው ድርሻ ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ይሠራል።

## ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ የማይነግረን ጣጣ ቀን ላይ አለ። መረጃ ሰብሳቢው መንደር ገብቶ «ልጁ መቼ ተወለደ?» ሲል እናት «ጥቅምት 12» ትለዋለች። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነውና 12/2 ተብሎ ይገባል። ሶፍትዌሩ ይህን ፌብሩዋሪ 12 አድርጎ በጸጋ ይቀበላል። ጥቅምት 30 ቢባል አሻፈረኝ ይላል፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። ጳጉሜን 3 ቢባልም 13ኛ ወር አያውቅም። እምቢ ያለው ስሕተት ወዲያው ይታያል። አደገኛው ዝም ብሎ የተቀበለው ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ቀን ከቀን ሲቀነስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ድፍን 30 ቀን ነው፤ ሶፍትዌሩ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ መስሎት 31 ይላል። አንድ ቀን ኢምንት ሊመስል ይችላል። የጨቅላ ዕድሜ በቀን በሚቆጠርበት ጥናት፣ ወይም ታካሚ መድኃኒት ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው በሚለካበት ሥራ ግን ውጤት ያዛባል። ልምድ ያላቸው ተንታኞች የሚመክሩት ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መመዝገብና ሁሉንም በኋላ በአንድ ቀመር ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር መለወጥን ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ተብሎ የተነገረው 8፡00 ሆኖ ካልገባ የሌሊቱ ሥራ ከቀኑ ይደባለቃል።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ የዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት የውጭ አገር ተመራማሪ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ዓመት 2008 ተብሎ ሲያገኘው ግራ ይገባዋል። ስሕተት ግን የለውም፤ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ነው። በእነዚህ ጥናቶች ቀኑ ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ በወር ተቆጥሮ በአንድ ቁጥር ይቀመጣል። ጥር 2008 በዚህ ስሌት 1301 ነው፤ ጃንዋሪ 2016 ደግሞ 1393። ልዩነቱ 92 ወር ነው፤ ወደ አውሮፓውያኑ ለመለወጥ 92 መደመር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የኢትዮጵያን ዳታ ከኬንያ ጋር ለማነጻጸር ቢነሳ ከሰባት ዓመት በላይ ይስታል።

ዕድሜ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ልደቱ ያልተመዘገበለት ሰው ዕድሜውን የሚናገረው በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ 30፣ 35፣ 40 ላይ ማረፍ ይወዳል። የዕድሜ ስርጭቱን በግራፍ ያወጣ ተማሪ በ0 እና በ5 የሚያልቁት ቁጥሮች ላይ ረጃጅም ዓምዶች ቆመው ያገኛል። ጠንቃቃ መረጃ ሰብሳቢዎች «ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ዓመትዎ ነበር?» እያሉ በታወቀ ክስተት ዕድሜውን ያጣራሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ሊያስተካክል አይችልም፤ ግን ግራፉን ላየ ሰው በግልጽ ያሳያል። ከማንኛውም ሙከራ በፊት የእያንዳንዱን ጥያቄ ድግግሞሽ አውጥቶ አንድ በአንድ መመልከት ጊዜ ማጥፋት የሚመስለው ካለ፣ ጊዜ የሚተርፈው በዚህ ነው።

## የሊቃውንቱ ስሕተት

እንዲህ ያለ ስሕተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት የታወቁ ኢኮኖሚስቶች የመንግሥት ዕዳ ሲበዛ የአገር ዕድገት እንደሚዳከም የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። በአውሮፓና በአሜሪካ የበጀት ቅነሳን የሚደግፉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ስሌቱን ለክፍል ሥራ ደግሞ ለመሥራት ሞከረ፤ እምቢ አለው። ባለቤቶቹን ሲጠይቅ የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩለት። ቀመሩ አምስት አገሮችን ሳያካትት ቀርቷል፤ አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ። ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ይህ ቀመር ብቻ አልነበረም፤ ለአገሮቹ ክብደት የተሰጠበት መንገድና የተተዉ ዓመታትም ነበሩበት። ተደምረው ግን ዕዳቸው ከፍተኛ ለሆኑት አገሮች አማካይ ዕድገቱን ከዜሮ በታች አድርገውት ነበር፤ ኸርንደንና መምህራኑ ሲያሰሉት 2.2 በመቶ ወጣ።

በ2020 ሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ በእንግሊዝ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ወድቀው ቀሩ። መረጃው የሚተላለፈው በቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፤ ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። የእነዚያ ሰዎች ንክኪዎች በጊዜው አልተፈለጉም።

ኸርንደን ስሕተቱን ሊያገኝ የቻለው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሥራው የተሠራበትን ፋይል ስላየ ነው። በኤስፒኤስኤስም ሥራውን እንዲህ በፋይል ማስቀመጥ ይቻላል።

## ፔስት የምትባለው ትንሽ አዝራር

በኤስፒኤስኤስ ውስጥ «አናላይዝ» ከሚለው ዝርዝር ተገብቶ ሙከራ ሲመረጥ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ከታች «ኦኬ» አለ። ሁሉም የሚጫነው እሱን ነው። አጠገቡ «ፔስት» የሚል አለ። እሱ ሲጫን ውጤት አይመጣም፤ በሌላ መስኮት ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ይጻፋሉ። ሲንታክስ የሚባለው ይህ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በነጥብ ያበቃል፤ ነጥቡ ከተረሳ ፕሮግራሙ ትእዛዙ ያለቀ አይመስለውም። መስመሮቹን መርጦ ማስኬድ ያንኑ ውጤት ያመጣል።

ጥቅሙ የሚታወቀው አማካሪው ረቂቁን አይቶ «ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አውጥተህ እንደገና ሥራው» ሲል ነው። በኦኬ ብቻ የሠራው ተማሪ ሃያ ሠንጠረዥ ከአንድ ጀምሮ ደግሞ ያወጣል፤ የትኛውን ዕድሜ በየትኛው ምድብ እንደከተተም ላያስታውስ ይችላል። ሲንታክሱን ያስቀመጠው አንድ መስመር ጨምሮ ሁሉንም በአንዴ ያስኬደዋል። በስታታ ዱ ፋይል፣ በአር ስክሪፕት የሚባሉት የዚሁ ወንድሞች ናቸው። ይህን ልማድ የመጀመሪያ ቀን የጀመረ ሰው የትኛውንም ሶፍትዌር ቢመርጥ አይቸገርም።

> «ኦኬ» ውጤቱን ይሰጣል፤ «ፔስት» ውጤቱ የመጣበትን መንገድ ያስቀምጣል።

ውጤቱን ማንበብ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ብዙ ተማሪዎች ሠንጠረዥ ሲወጣ ዓይናቸው በቀጥታ የሚሄደው «ሲግ» (የፒ ዋጋ) ወደሚለው ዓምድ ነው። ከ0.05 በታች ከሆነ ደስታ፣ በላይ ከሆነ ሐዘን። ይህን መስመር ያስለመደው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአሠራር የሚመች ነጥብ ብሎ ነበር የወሰደው። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ ድምዳሜ ይህን መስመር በማለፍና ባለማለፍ ብቻ እንዳይሰጥ አሳስቧል። ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ አይተናነስም። ዓምዱ ላይ .000 ሲወጣም ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ከ0.001 ያነሰ ነው ተብሎ ይጻፋል። ከካይ ስኩዌር ሠንጠረዥ ግርጌ በደቂቅ ፊደል የምትወጣ ማስታወሻም አለች፤ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 ያነሰባቸው ሴሎች በመቶ ስንት እንደሆኑ ትናገራለች። በመቶ ከ20 ከበለጡ ሙከራው አይታመንም፤ ብዙ ተማሪ ግን ሠንጠረዡን ሲገለብጥ ይህችን ማስታወሻ ትቷት ይሄዳል።

## ተንታኙ፣ አማካሪውና ተማሪው

በየጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩ ተንታኞች የራሳቸው ቅሬታ አላቸው። ተማሪው የሚመጣው መጠይቁ ካለቀ በኋላ ነው፤ የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነገር ይላል፣ የተሰበሰበው ዳታ ሌላ። የገቢን ተጽዕኖ አጠናለሁ ብሎ ገቢን ያልጠየቀ አለ። አማካሪዎች በበኩላቸው ዲፌንስ ላይ «ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ለምን መረጥክ?» ሲባል የሚደነግጥ ተማሪ እንደሚያጋጥማቸው ይናገራሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ ኮርሱ በንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳለፈ፣ በቤተ ሙከራው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሆነው እንደተቀመጡ ያስረዳሉ። ሦስቱም እውነት አላቸው።

ዳታ የሚያስገባ ሰው ከፍሎ ማሠራት ነውር የለውም፤ ትልልቅ ጥናቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲያውም አንዱን መጠይቅ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አስገብተው ሲነጻጸር ስሕተቱ ይወጣል። ትንተናውን አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የትኛው መላሽ እንደወጣ፣ የትኛው ምድብ ከየትኛው እንደተጣመረ የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ውሳኔውን ያልወሰነ ሰው ውጤቱን መከላከል አይችልም።

የዋጋ ጉዳይም አለ። የኤስፒኤስኤስና የስታታ ፈቃድ በግል ኪሱ ለሚማር ሰው ውድ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ በፍላሽ ይዞራል። ከቅጂው ጋር ቫይረስ እንደሚዞር፣ የአራት ወር የመስክ ሥራ የያዘ ላፕቶፕም በዚሁ ሊበላሽ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። አማራጭ ደግሞ አለ። ጃሞቪና ፒኤስፒፒ ነፃ ናቸው፤ የኤስፒኤስኤስን ፋይልም ይከፍታሉ። ጃሞቪ የተሠራው በአር ላይ ስለሆነ እያንዳንዱን ሥራ በአር እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል። ማስረከቢያው ሦስት ወር የቀረው ተማሪ በጃሞቪ ቢጀምር ይቀናዋል። ምርምርን ሙያው ሊያደርግ ያሰበ ግን ቢከብደውም አርን ይማር፤ መጀመሪያ ላይ ያታግላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈቃድ አለቀ ብሎ የሚዘጋበት የለም።

ለመለማመድ የራስን ዳታ መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ዳታው ከነመጠይቁ በባንኩ ድረ ገጽ ላይ ለተመዘገበ ሁሉ በነፃ ይወርዳል። ስለ ማሳ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ቤተሰብ ወጪ የተጠየቁ ሺዎች መላሾች አሉበት። መስክ ከመውጣት በፊት ደግሞ አሥር መጠይቅ ለሙከራ አስሞልቶ፣ አስገብቶ፣ ሠንጠረዥ እስከማውጣት ድረስ መሄድ ይቻላል። ከአንድ በላይ መልስ ያለው ጥያቄም፣ የጥቅምት 30ም፣ ያልተጠየቀው ገቢም ጉድለቱ የሚወጣው ያኔ ነው፤ መጠይቁ ገና ሳይባዛ።

የትምህርት ክፍሎችም ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ተማሪ የሚያስረክበው የተጠረዘ ጽሑፍ ነው። ከጽሑፉ ጋር ኮድ ቡኩንና የትእዛዝ ፋይሉን እንዲያስረክብ ይታዘዝ፤ ፈታኙም ከሠንጠረዦቹ አንዱን መርጦ እፊቱ እንዲያስኬደው ይጠይቀው።